የካፕሱሉ ክዳን

ሰፈሩ «ጋሽ ቅጠሉ» የሚለው ጡረተኛ የሥራ ጠረጴዛው ላይ በአፉ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። መርማሪዋ ክፍሉ ውስጥ ስትገባ አፍንጫዋን በክንዷ ሸፈነች። በጆንያ የታጨቀው የደረቀ ቅጠል ሻግቷል፤ መፍጫው ላይ በረሮ ይርመሰመሳል። ሟቹ ይህንኑ እየፈጨ በባዶ ካፕሱል ይሞላና «የማያድነው በሽታ የለም» እያለ ለዘመድ ለጎረቤት ያድል ነበር።

ሐኪሙ ብርቱ መርዝ ገድሎታል ብሏል። ሆዱ ውስጥ ግን አንድም ካፕሱል አልተገኘም። የተሞሉት ካፕሱሎችም ተመርምረው መርዝ አልተገኘባቸውም፤ ንጹሕ ናቸው ለማለት ግን ይከብዳል።

መርማሪዋ የሬሳውን ከንፈር ገለጥ አድርጋ አየች። ምላሱ አረንጓዴ ነው። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ውሃ የሚባል ነገር የለም። ገና ያልተዘጉ ባዶ ክዳኖች ብቻ ተበትነዋል።

ከሟቹ ጋር ሦስት ሰዎች ይኖሩ ነበር። በመጀመሪያ ሚስቱን ጠየቀች።

«እዚህ ክፍል ይገባሉ?»

«ኧረ እኔ! አቧራው ያስነጥሰኛል። ካፕሱሉን ግን ጠዋት ጠዋት እውጣለሁ።»

ልብስ ሰፊው ታናሽ ወንድሙም፣ «ወንድሜ በእጁ የሰጠኝን እንዴት አልውጥም?» አለ።

እህታቸው መሬት መሬት እያየች፣ «እኔም እንደነሱ እውጣለሁ» አለች።

መርማሪዋ ግቢውን ዞረች። በእህትየው መስኮት ሥር ያለውን የአበባ አፈር በእንጨት ስትጭረው፣ ቀልጠው የተጣበቁ ካፕሱሎች እንደ ትል ተድበልብለው ወጡ። ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ባዶ ክዳኖችም ወደ ምርመራ ላከች።

ውጤቱ ሲመጣ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ ካፕሱል አልዋጠም። ታዲያ መርዙ በየት ገባ? ክዳኑን ለማጣበቅ እርጥበት ያስፈልጋል፤ ውሃ ግን አልነበረውም። ምላሱ አረንጓዴ የሆነው እያንዳንዱን ክዳን እየላሰ ስለሚዘጋ ነው። መርዙም የተገኘው ገና ባልተዘጉት ክዳኖች ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን እንደላሰ ወድቋል።»

ሚስትየው አፏን ይዛ ወደ ውጭ ሮጠች፤ ስታስታውክ እስከ ሳሎን ተሰማ። ልብስ ሰፊው ምራቁን መዋጥ አቅቶት መሐረቡ ላይ ተፋ። እህትየው ብቻ ንቅንቅ አላለችም።

«መላሱን የሚያውቅ ሰው ካፕሱሉን አይውጥም» አለች መርማሪዋ ወደ እሷ ዞራ። «ሁለቱ ስለማያውቁ ሲውጡ ከርመዋል። እርስዎ ግን አበባው ሥር ይቀብሩት ነበር። አሁንም እነሱን ያስደነገጠው ለእርስዎ አዲስ አልሆነም።»

እህትየው ቀና አለች።

«እማዬን የሐኪም መድኃኒቷን አስጥሎ ያንን ካፕሱል ያስውጣት ነበር። ስትሞት አፏን የጠረግኩት እኔ ነኝ፤ ጉንጯ ውስጥ የሻገተ ቅጠል አገኘሁ። ሄጄ ብጠይቀው፣ ‹ጊዜዋ ደርሶ ነው› አለኝ፤ አንዱን ክዳን እየላሰ።»

«ታዲያ ለእኛ ለምን አልነገርሽንም?» ብሎ ጮኸ ልብስ ሰፊው።

«ነግሬያችሁ ነበር። ‹ቅጠል ምን ይጎዳል› አላችሁኝ።»

ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፋ። ሚስትየው በሩ ላይ ቆማ አፏን በቀሚሷ ጫፍ ደጋግማ ትጠርጋለች። መርማሪዋ እህትየውን ይዛ ስታልፍ፣ ቀና ብሎ ያያት አልነበረም።