አንድ ጣት ሲቀራት

መርማሪዋ ጋራዡ ስትደርስ ሬሳው ተነሥቶ ነበር። የጠበቃት በመጋዝ ብናኝ የተሸፈነ የደም እድፍ፣ አንዲት ትንሽ ቀይ መኪና፣ እና ዓይን ለዓይን መተያየት ያቃተው ቤተሰብ ነው። አለቃዋ በስልክ የነገራት አጭር ነበር። «አደጋ ነው። ዛሬ ጠዋት መኪናዋ ከክሪኩ ላይ ተንሸራታ ባለጋራዡን ተጫነችው። ክሪኩን ያቆመችው ልጁ ናት፤ ተዝረክርካለች። ነገ ይቀበራል። ዛሬውኑ ፈርመሽ ዝጊው።»

ዝጊው የተባለችውን ነገር መክፈት ይቀናታል። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «እሾህ» ይሏታል፤ ታውቃለች፣ አልተቀየመችም። መኪና ግን አትወድም። ከመኪና ሁሉ ደግሞ እነዚህን ኋላቸው እንደ ዳቦ የተቆረጠ፣ ትንንሽ፣ ርካሽ፣ በየመንገዱ እየጮኹ የሚበሩትን ትጠላለች። ሰዉ «ቆራጣ» ይላቸዋል። ሟቹ ዕድሜውን የፈጀው አሮጌ ቆራጣ እየገዛ፣ እያራቆተ፣ ሞተሯን እያጎለበተ ዳገት ለዳገት በማወዳደር ነበር።

ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፎ በቆመ ጎማ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። እጇ ላይ ያለው ግራሶ ገና አልታጠበም። እናቷ ቢሮው በር ላይ ቆማ ጀርባዋን ሰጥታታለች።

«ጠይቂያት» አለች እናትየው ለሰላምታ እንኳ ሳትጨነቅ። «አባቷን የጨረሰችው እሷ ናት። ነገ መቃብሩ ዘንድ ድርሽ እንዳትል ነግሬያታለሁ።»

መርማሪዋ ልጅቷ ፊት ቁጢጥ አለች።

«ያደረግሽውን ንገሪኝ። ያላደረግሽውንም።»

«ከዳገቱ ወርጄ መምጣቴ ነበር። ካምቢዮው ላይ አንድ ቡሎን ላልቷል። አባዬ ‹ለአንድ ቡሎን ነው፣ ፊቷን አንሺልኝ› አለኝ። ማርሹን አውጥቼ ፊቷን በክሪክ አነሣሁ። የኋላ ጎማዎቹ ሥር እንጨት ወሸቅኩ። ከዚያ አዲስ ቡሎን ልገዛ ሄድኩ።»

«የእጅ ፍሬኑንስ?»

«አልሳብኩትም። ከዳገት የወረደች መኪና ፍሬኗ እሳት ነው። በጋለበት ከሳቡት ይጣበቃል። እኛ ሁልጊዜም እንጨት ነው የምንወሽቀው።»

«እንጨቱ የታለ ታዲያ?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። «ያውልሽ፣ የእንጨት ክምሩ ላይ ነው። ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የእጅ ፍሬኑ ደግሞ ተስቦ ነው የተገኘው። ዋሽታ እንኳ አታውቅበትም።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ረጅም፣ ሱፍ ለባሽ፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚደርስ። ከጋራዡ ጎን ባለ መስታወት አዳራሽ ውስጥ ቤት የሚያካክሉ መኪኖች ይሸጣል።

«ይህ ሲሆን እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚያው አዳራሼ ውስጥ። የምራቴን ጩኸት ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

እናትየው ከጓሮ ቧንቧ ከፍታ ልብስ ስታጥብ እንደነበረና የብረት ድምፅ ሰምታ ስትወጣ ግቢው ውስጥ ከሬሳው በቀር ማንም እንዳልነበረ ተናገረች። መኪና መንዳት አትችልም፤ ቆራጣ የሚባል ነገር እንኳን ልትነዳ ስሙን ጠርታው አታውቅም።

መርማሪዋ መኪናዋን ዞረቻት። ግቢው ተዳፋት ነው። አፍንጫዋ ሽቅብ፣ ኋላዋ ቁልቁል ሆኖ፣ ከክሪኩ ወርዳ ወደ ኋላ ተንከባላለች። ከበስተኋላዋ የጣሪያውን ቆርቆሮ የተሸከመ የብረት ምሰሶ አለ። ልትላተመው አንድ ጣት ሲቀራት ቆማለች። ከኋላ ጎማዎቿ ፊት ደግሞ ሲሚንቶው ላይ ሁለት አጫጭር ጥቁር የጎማ ጭረቶች ይታያሉ። ክሪኩ ከነበረበት እስከ ጭረቶቹ መጀመሪያ ያለው ሲሚንቶ ንጹሕ ነው። መርማሪዋ ይህን ቆማ አየችው። ከዚያ በሩን ተደግፋ ልታስብ ስትል ታናሽ ወንድምየው ዘሎ ደረሰ።

«ቀበቶሽ ቀለሟን ይጭረዋል፤ ራቅ በይ።»

«ለቆርቆሮ እንዲህ ይሳሳሉ?»

«መኪና ነጋዴ ነኝ፤ ልማድ ነው» አለና እጁን ኪሱ ከተተ። «እንጂ እኔ እንኳን ልነዳት፣ ሱሪዬ እንዳይቆሽሽ አልጠጋትም።»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየችው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል የሰማችው ገና በልጅነቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልረሳችውም።

ካንዴላ የሚሉት ዋናው መካኒክ የመጣው ከቀትር በኋላ ነው። ቀጭን፣ ኩርፍተኛ ሽማግሌ ነው። ከሟቹ ጋር ትናንትና ጠዋት ሲሰዳደቡ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

«አዎ ተሰዳድበናል» አለ። «ከተዋወቅን ጀምሮ ያልተሰዳደብንበት ቀን የለም። ሲሞት ግን ቶርኖ ቤት ነበርኩ። ባለቶርኖውን ጠይቁት፤ እሱንም ስሰድበው ነበር።»

ጠየቀችው። እውነት ነው፤ ባለቶርኖው ገና ከንዴቱ አልበረደም። ቡሎን ሻጩም ልጅቷ ከሱ ዘንድ ወረፋ ስትጠብቅ እንደነበረ አረጋገጠ።

«እሺ፣ አስረዱኝ» አለች መርማሪዋ ተመልሳ። «የዚች ነገር ምኗ ነው የሚወደደው?»

«ምንም የሌላት መሆኗ ነዋ።» ካንዴላ በሩን ከፈተው፤ በሩ እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ጮኸ። «ሬዲዮ የላት። ምንጣፍ የላት። የኋላ ወንበሯን ነቅለን ጥለነዋል። መስኮቷ በእጅ ይዘወራል። ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ይገዛታል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ባለጸጋውን አቧራ ታስቅመዋለች። እዚያ አዳራሽ ያሉት መኪኖች የተሠሩት ሰውየው መንገዱ እንዳይሰማው ነው። እዚች ውስጥ ጠጠሯን ሁሉ በመቀመጫዎ ያውቋታል። ግቡና እዩት።»

ሬሳው ሲነሣ ባለሙያዎቹ አሻራና ፎቶግራፋቸውን ወስደው ጨርሰዋል። ካንዴላ ቡሎኑን አጠበቀ፤ መርማሪዋም ፊቷን አጨፍግጋ ገባች። ከሰፈሩ ጀርባ ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥተው ወረዱ። መኪናዋ ኩርባ ላይ እንደ ፍየል ትዘላለች፤ ሞተሯ ደረት ውስጥ ገብቶ ነው የሚጮኸው። ሲመለሱ መርማሪዋ ፈገግታዋን ውጣ ልታስቀረው ታገለች፣ አልቻለችም፣ ተናደደች።

ካንዴላ ግቢው ውስጥ አቁሞ «ፍሬኑን ያዙልኝ» ብሎ ወረደ። መርማሪዋ የእጅ ፍሬኑን ሳበችና ለቀቀችው። ቀጭ ብሎ ወደ ታች ተመለሰ። መኪናዋ ወደ ኋላ መንቀሳቀስ ስትጀምር ካንዴላ በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ፍሬኑን ሳበና ያዛት። የሳቀው ሳቅ ደስ የሚል አልነበረም።

«እንደሌላው መኪና አይደለችም። ሟች ለጠባብ ኩርባ እንዲመች ብሎ ገልብጦ ነው የሠራው። ሲስቡት ይይዛል፣ ሲለቁት ራሱ ይመለሳል። ተቆልፎ እንዲቀር ካስፈለገ ስበው፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ቁልፍ በአውራ ጣት ተጭነው ነው የሚለቁት።»

«ይህን የሚያውቀው ማን ነው?»

«እሱ፣ ልጁ፣ እኔ። ሌላ ሰው አልነዳትም።»

«ወንድሙስ?»

ካንዴላ ምራቁን ተፋ። «ድሮ ነጂው እሱ ነበር። የመጀመሪያዋን ቆራጣ ሁለቱ ናቸው በአንድ ላይ የሠሯት። ኋላ ታላቁ ‹አንተ ራስህን እንጂ መኪናዋን አትሰማም› አለና መሪውን ቀማው። ልጁ ስትደርስ ለሷ ሰጣት። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ቆራጣ ሲያይ አፍንጫውን ይይዛል። ይህችን የሠራናት ከተቆራረጡ በኋላ ነው።»

መርማሪዋ ወደ ልጅቷ ሄደች። አሁንም እዚያው ተቀምጣለች፤ ውኃ እንኳ ያቀበላት የለም።

«አንድ ነገር ብቻ። ሰሞኑን መኪናዋ ላይ ያልገባሽ ነገር ነበር?»

ልጅቷ አሰበች። «ጠዋት ጠዋት ስፖኪዮዋ ወደ ላይ ዞሮ አገኘዋለሁ። የረጅም ሰው ቁመት ላይ። አባዬ ከኔ ያጥራል። ካንዴላ ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

«ቁልፉ የት ነው የሚሰቀለው?»

«ቢሮ፣ ምስማር ላይ። ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል።»

ፀሐይዋ ሳትጠልቅ መርማሪዋ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ሁለት ፖሊሶችም በሩ ላይ አቆመች። መኪናዋ ክሪኩ በነበረበት ቦታ፣ አፍንጫዋ ሽቅብ ሆና ቆማለች። ከኋላዋ ሰው እንዳይቆም አዘዘች። ካንዴላን ለብቻው ጠርታ «የፈለገው ቢሆን ከቦታዎ እንዳይነቃነቁ» አለችው። እሷ ሾፌሩ በር ጋ ሆና ክንዷን በተከፈተው መስኮት አስገብታ ቆመች።

«አለቃዬ አደጋ ነው ይላል» አለች። «ልጅቷ እንጨት መወሸቅ ረስታ፣ የእጅ ፍሬኑን ብቻ ስባ ሄደች፤ ፍሬኑ ሳይዝ ቀረ። እንዲህ ነው የተባለው። እስቲ እንየው። ፍሬኑ በደንብ ይይዛል፤ ዛሬ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ። ከመጀመሪያው ተስቦ ቢሆን ኖሮ መኪናዋ ከክሪኩ አትወርድም ነበር። ከወረደች አልተሳበም ማለት ነው። ግን ተስቦ ተገኘ። እንግዲህ መቼ ተሳበ?»

መርማሪዋ በእጇ ወደ ጭረቶቹ አመለከተች።

«ሲሚንቶው ይናገራል። መኪናዋ መንከባለል ስትጀምር ጎማዋ ምንም አልጫረም። የጫረው መጨረሻ ላይ፣ ምሰሶው ጋ ልትደርስ ስትል ነው። ሟች ያኔ ከሥር ነው። ስለዚህ ሌላ እጅ ነበር። ያ ሰው እንጨቱን አወጣ፣ መኪናዋ ወደቀች፣ ተንከባለለች፣ ከዚያ ፍሬኑን ሳበ። በመጨረሻም እንጨቱን ክምሩ ላይ መለሰና ሄደ።»

«ጉድ እኮ ነው» አለ ታናሽ ወንድምየው። «ሰው የገደለ ሰው ፍሬን ምን ያደርግለታል?»

«እኔም ጨንቆኝ ነበር። ምሰሶውን ሳይ ነው የገባኝ። መኪናዋ እንዳትጎዳ ነው።» መርማሪዋ ወደ እናትየው ዞረች። «እርስዎ ግቢው ውስጥ ብቻዎን ነበሩ። ባልዎን ከነመኪናው ጠልተውት ነበር ይባላል።»

እናትየው ፊቷ ተለዋወጠ። «እኔን ነው?» ማለት ጀመረች። ሁሉም ወደሷ ዞሩ። በዚያች ቅጽበት መርማሪዋ ፍሬኑን ለቀቀች።

ቀይዋ መኪና ድምፅ ሳታሰማ ቁልቁል መንከባለል ጀመረች። እናትየው ዓይኗን ሸፈነች። ልጅቷ ደንዝዛ ቀረች። ካንዴላ ጥርሱን ነክሶ ባለበት ቆመ። ታናሽ ወንድምየው ግን ሱፉን ረሳ። ተወርውሮ ደረሰ፣ በመስኮቱ ክንዱን ከተተ፣ ሳበ፣ አውራ ጣቱን ጫን አድርጎ ለቀቀ። መኪናዋ ቀጥ አለች። እጁን ሲያወጣ ፍሬኑ ተቆልፎ ቀርቶ ነበር።

«እኔ ስሞክረው ቀጭ ብሎ ተመልሶብኛል» አለች መርማሪዋ። «ያልነዳት ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚሆንበት። እርስዎ ግን ሱሪዎ እንዳይቆሽሽ የማይጠጉ ሰው ነዎት። አውራ ጣትዎ ከየት ተማረ?»

«አጋጣሚ ነው።»

«ስፖኪዮውስ? በየጠዋቱ ሰው ሳይነሣ ቁልፉን ከምስማሩ እያወረዱ ይነዷታል። ልጅቷ ቁመትዎን በስፖኪዮው ላይ ስታገኘው ከርማለች። ገዳዩ መኪናዋን መንዳት የሚያውቅ፣ የሚሳሳላት፣ ግን አላውቃትም የሚል ሰው መሆን ነበረበት። ካንዴላና ልጅቷ እንደሚያውቋት አልደበቁም፣ በሰዓቱም ሌላ ቦታ ነበሩ። ምራትዎ ፍሬን ከመሪ አትለይም። የቀሩት እርስዎ ነዎት።»

ሰውየው እጁን አየ። ከዚያ ፊቱ ላይ የነበረው ኩራት ሁሉ ተገፈፈ።

«አንድ እሑድ ነው የለመንኩት» አለ። «አንድ ዳገት ብቻ ልንዳት አልኩት። አብሬው የጀመርኩት እኔ ነኝ። እዚያ መስታወት ውስጥ ቆሜ ድምጿን ስሰማ ምን እንደምሆን ማን ያውቃል? እሱ ከሥሯ ተጋድሞ፣ ፊቱን እንኳ ሳያወጣ፣ ‹ሂድና ሶፋ መሳይ መኪኖችህን ሽጥ፣ መኪናዋ የልጄ ናት› አለኝ። እንጨቶቹን በእግሬ መታኋቸው።»

«ከዚያም ልጅቷ ላይ ለጠፉት» አለች መርማሪዋ። «ዕድሜዋን ሙሉ ክሪክ ባየች ቁጥር አባቴን ገደልኩ እንድትል። መሪ ሁለተኛ እንዳትጨብጥ።»

ልጅቷ ተነሣች። ከጠዋት ጀምሮ ስትቆም የመጀመሪያዋ ነበር። አጎቷ ፊት መጥታ ቆመች።

«አባዬ ጮኸ?»

አጎቷ የሱፉን እጅጌ አራገፈ።

«ጮኸ ወይ ነው የምልህ።»

«ጮኸ።»

«ፍሬኑ የክንድህን ያህል ቅርብ ነበር። እሱ ሲጮህ ቆመህ ሰማኸው። መኪናዋ ልትጋጭ ስትል ሮጥክ።»

ፖሊሶቹ ክንዱን ሲይዙት አልታገለም፤ በመኪናዋ አጠገብ ሲያልፉ ግን ወደ ምሰሶው ዞሮ አየ። ካንዴላ ይህን አይቶ ሰድቦ የማያውቀውን ስድብ ሰደበው።

እናትየው ልጇ አጠገብ መጣች። እጇን ልትነካት ዘረጋችና መሐል ላይ ተወችው።

«ነገ ከጎኔ ትቆሚያለሽ» አለች።

«አንቺ ጎን አልቆምም» አለች ልጅቷ። «አባቴ ጎን ነው የምቆመው።»

እናትየው ፈቀቅ ብላ መንገዱን ለቀቀችላት።