አመልማልና የአባቷ መግፊያ

አመልማል ፈቃደ አሥር ዓመቷ ነው። ቤቷ ከሚሴ ከተማ ነው፤ ከደሴው መንገድ ትንሽ ገባ ይላል። በግቢያቸው ውስጥ የአባቷ የእንጨት ሥራ ቤት አለ። እዚያ የገባ ሰው ሁሉ ሰጋቱራ ለብሶ ይወጣል። ሰጋቱራ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚረግፈው ዱቄት ነው፤ ከአመልማል ፀጉር ጠፍቶ አያውቅም።

አባቷ አቶ ፈቃደ አናጢ ናቸው። ዘንድሮ ከደሴ በጭነት መኪና አዲስ መጋዝ አስመጡ። እንዴት ያለ መጋዝ መሰላችሁ! እንደ ሰፌድ ክብ ነው፤ ዙሪያውን ሁሉ ጥርስ ነው። ከጠረጴዛው መሐል ብቅ ብሎ ይሽከረከራል። ውጭ ያለው የናፍጣ ሞተር ዱብ ዱብ ሲል ቺንጋ የሚባለው የጎማ ቀበቶ መጋዙን ያዞረዋል። ግማሽ ቀን የሚያለፋውን ጣውላ ዓይናችሁን ሳታሹ ይሰነጥቀዋል። ሰፈሩ በሙሉ ለማየት መጣ።

አቶ ፈቃደ ግን ከመጋዙ ጋር ሕግም አወጡ። ነጠላ ያጣፋ ሰው ወደ መጋዙ አይጠጋም። ከጥርሱ ትይዩ የሚቆም የለም፤ እንጨቱ ወደ ኋላ ሊወረወር ይችላል። የሚሠራን ሰው በድንገት መጥራት ክልክል ነው፤ የደነገጠ እጅ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ከሁሉም በላይ የጣውላው መጨረሻ በእጅ አይገፋም። እሱን የሚገፋው መግፊያው ነው። መግፊያው ጫፉ ቆልመም ያለ የወይራ ዱላ ነው፤ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል።

አንድ ቀን አመልማል መግፊያው ለምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀቻቸው።

«ጣውላው እያለቀ ሲሄድ እጄ ወደ ጥርሱ ይቀርባል» አሏት። «መግፊያውን ጥርሱ ቢበላው ሌላ ወይራ እቆርጣለሁ። ለጣቴስ ምትክ ከየት አባቴ እቆርጣለሁ?»

አሁን ወደ ታኅሣሥ እንምጣ። የገና ጨዋታ ደረሰ! ከቦርከና ወንዝ ዳር ባለው ሜዳ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ልጆች ሊገጥሙ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ልጅ ዱላውን ይዞ ወጥቷል። አመልማል ከታች ሰፈር ልጆች ሁሉ ትፈጥናለች። ሆኖም ሴት ልጅ ገና ስትጫወት ማን አይቶ ያውቃል? ልጆቹ ሳቁባት። አለቃቸው ሙህዲን ግን ሩጫዋን ያውቃልና ራሱን አከክ አከክ አደረገ።

«ዱላ ካለሽ ግቢ» አላት።

ወደ አባቷ በረረች። ዱላ እንዲቆርጡላት ለመነቻቸው። አቶ ፈቃደ ግን የባለሱቁን የአቶ ዑመርን በር እየሠሩ ነበር። የሱቁ አሮጌ በር ተገንጥሏል፤ አዲሱ ዛሬ ካልተገጠመ ሱቁ ክፍቱን ሊያድር ነው። ነገ እቆርጥልሻለሁ አሏትና ሚስማር ሊገዙ ወጡ።

ነገ! ጨዋታው እኮ ዛሬ ነው። አመልማል ግድግዳውን አየች። መግፊያው ተሰቅሏል። ቆልመም ያለ ነው፤ ቁርጥ የገና ዱላ። ልቧ፣ ትንሽ ተጫውተሽ ትመልሽዋለሽ፣ ማንም አያውቅም አላት። ልጆች፣ ይህችን ቃል እናንተም ታውቋታላችሁ፤ አውቀን እንዳላወቅን አንሁን። አመልማል መግፊያውን አወረደችና ሮጠች።

ጨዋታው ደግሞ እንዴት ደመቀ! ከእንጨት የተጠረበችው እሩር ወዲህና ወዲያ ትበራለች፣ አቧራው ይጨሳል፣ ዱላ ከዱላ ይጋጫል። መግፊያው አጠር ስለሚል አመልማል ጎንበስ ብላ ትሮጣለች፤ ግን ማን ይደርስባታል? አንድ አገባች! የሳቁት ልጆች አሁን «ኮቱ አመልማል፣ ኮቱ!» እያሉ፣ በኦሮምኛ ነይ ነይ ማለታቸው ነው፣ ጉሮሯቸው እስኪነቃ ይጣሩ ጀመር። ላይ ሰፈሮችም አገቡና እኩል ሆኑ። ከዚህ በኋላ ያገባ አሸናፊ ነው። እሩሯ እየተንከባለለች መጥታ አመልማል እግር ሥር ቆመች። ከፊቷ አንድም ተከላካይ የለም። ዱላዋን ከፍ አደረገች።

ይኸኔ ከሰፈር በኩል ዱብ ዱብ ዱብ የሚል ድምፅ መጣ። የአባቷ ሞተር ነው።

አመልማል ክው አለች። ቀጥሎም መጋዙ እንጨት ሲነክስ ሰማች። አባቷ ጣውላ እየሰነጠቁ ነው፤ መግፊያው ግን እሷ እጅ ላይ ነው። አንዴ ልምታና ልሂድ ብላ አሰበች። ከዚያ የአባቷ ጣቶች ዓይኗ ላይ መጡ። እሩሯን ትታ በረረች። ሙህዲን ከኋላዋ ጮኸ። ላይ ሰፈሮች እሩሯን ነጥቀው አገቡ። እሷ ግን ዞር ብላ አላየችም።

አቶ ፈቃደ ሚስማሩን ገዝተው ሲመለሱ መግፊያውን ፈልገው አጥተውት ነበር። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ አቶ ዑመር በራፉ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ለዛሬ ብቻ ብለው በእጃቸው መግፋት ጀመሩ። አመልማል ስትደርስ የመጨረሻው ጣውላ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል፤ እጃቸውም ወደ ጥርሱ እየቀረበ ነው። አባዬ ብላ ልትጮኽ አፏን ከፈተች። ሕጉ ትዝ አላትና መልሳ ዘጋችው። ከጥርሱ ትይዩ ሳትቆም በጎን በኩል ዞረችና ዓይናቸው በሚያይበት ቦታ ሆና መግፊያውን ወደ ላይ አነሳች።

አቶ ፈቃደ አዩ። እጃቸው ባለበት ቆመ። ቀስ ብለው መግፊያውን ተቀበሏት፤ የቀረችውን ጣውላ በእሱ ገፍተው ጨረሱ። ከዚያ ወጥተው ሞተሩን አጠፉት። ተመልሰውም መግፊያውን ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።

አቶ ዑመር ማሻ አላህ እያሉ ገቡ። የአባቷን ጣት ያተረፈች ልጅ ብለው አመሰገኗት፤ ከኪሳቸውም እፍኝ ሙሉ ከረሜላ ሰጧት።

«ቤቱን ሁሉ ስፈልገው ነበር። የት አገኘሽው ልጄ?» አሉ አባቷ።

ሰጋቱራው ውስጥ ብትል ማን ይጠረጥራታል? ምስጋናውም ከረሜላውም የእሷ ነው። አመልማል ከረሜላውን አየች፤ የአባቷንም እጅ አየች። እንባዋ መጣ። ከረሜላውን ለአቶ ዑመር መለሰችላቸው።

«አባዬ፣ መግፊያው አልጠፋም ነበር። ሳልጠይቅ ወስጄ ገና ስጫወትበት ነበር። ይቅር በሉኝ።»

አቶ ፈቃደ እንባዋን ጠረጉላት።

«ሳትጠይቂ መውሰድሽ ጥፋት ነው» አሉ። «ያለ መግፊያ መጋዙን ማስነሳቴም የእኔ ጥፋት ነው። እውነቱን ስለተናገርሽ ግን አሁን ሁለታችንም እንማራለን።»

ቅጣቱ አልቀረላትም፤ እስከ ገና ድረስ ጨዋታ ተከለከለች፣ የሥራ ቤቱንም ሰጋቱራ እንድትጠርግ ታዘዘች። አመልማል ግን አላኮረፈችም። የአባቷን እጅ ያዘችና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ሳመች። ሁሉም በቦታቸው ነበሩ።

ልጆቼ፣ የሌላውን ሰው ዕቃ ሳንጠይቅ አንውሰድ፤ ከወሰድንም ምስጋና እንኳ ቢቀርብን እውነቱን እንናገር።