እናቱን መድረክ ላይ ያወጣው ፈረንሳዊ

«አንዴ ድገሚው! ‹ቀስ ብለው ይንገሩኝ› ስትዪ አንገትሽን ድፊ!» አለች ፍቅር በቲያትር ልምምዱ ላይ። የክፍል ጓደኛዋ ናታሊ የጽዳት ሽርጥ እንደታጠቀች አንገቷን ደፋች። ተማሪው በሳቅ አውካካ።

ጣጣው የመጣው ከአንድ ፈረንሳዊ ነው። የድራማ መምህራቸው ፍቅርን ስለ አንድ ከወግ ያፈነገጠ ፀሐፌ ተውኔት አጥንታ እንድታቀርብ አዝዘዋት ነበር። ሰውዬው ድሮ፣ እናቱ ማድ ቤት ውስጥ ለብቻዋ የምታወራውን ቃል በቃል ጽፎ መድረክ ላይ አወጣው። ፓሪስ መጀመሪያ ሳቀበት፣ ከዚያ አጨበጨበለት፤ ዛሬም ድረስ ወጣት ደራስያን የእሱን መንገድ ይከተላሉ። እናቱ ግን እስክትሞት በሯን አልከፈተችለትም። ፍቅር ጥናቱን ስታቀርብ ይህችን ነገር ዘለለቻት።

ከዚያ እሷም እንደሱ ጻፈች። እናቷ ሐረገወይን እዚሁ ኖርዌይ፣ ብሪን በሚባል ሰፈር ቢሮ ታጸዳለች። ኮሙኑ ጋ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ ጋ፣ ከመደወሏ በፊት መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ በኖርዌይኛ «ይቅርታ፣ ቀስ ብለው ይንገሩኝ» ማለትን አሥር ጊዜ ትለማመዳለች። ፍቅር በሩ ጋ ቆማ በስልኳ ቀዳቻት። ከዚያ በጻፈችው ቲያትር ስድስት አገኘች፤ ከዚያ በላይ ነጥብ የለም። ለወላጆች ቀንም ተመረጠላት።

ሐረገወይን ደስታዋን አልቻለችውም። የእኛ ሰው ደግሞ ለብቻው መደሰት አይሆንለትም፤ «ልጄ ቲያትር ጻፈች» ብላ ሰባት የማኅበር ጓደኞቿን ጠራች። «ስለ ምንድን ነው ግን?» ስትላት፣ ፍቅር «ስለ አንድ ፈረንሳዊ» ብላ ዋሸቻት።

በዕለቱ ሰባቱም ነጠላቸውን አጣፍተው ፊተኛው ረድፍ ላይ ተደረደሩ። እናቷ መሀላቸው ሆና ስልኳን ለቪዲዮ አዘጋጅታለች። ፍቅር ከመጋረጃው ኋላ ሆና ስታያት ባደረገችው ተጸጸተች። የሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ነው እንጂ፣ ይሄ ጸጸት ቀደም ብሎ ቢመጣ ምን ነበረበት!

«ናታሊ፣ ይቅርብን።»

«ናይ! አይሆንም! አብደሻል? ሰው በሳቅ ሊሞት እኮ ነው!»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ።»

እናቷን ጠርታ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት። «እማዬ፣ ቲያትሩ ላይ ያለችው ሴትዮ አንቺ ነሽ። መታጠቢያ ቤት ስትለማመጂ ቀድቼሽ ነው የጻፍኩት።»

የሐረገወይን ፈገግታ ቶሎ አልጠፋም፤ ነገሩ የገባት ቆይቶ ነው።

«ይስቃሉ?»

«ይስቃሉ።»

«በእኔ?»

ፍቅር ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እናቷ ወደ አዳራሹ በር አየች። «እነዚህን ሴቶች አሁን ምን ልበላቸው?»

«አንቺ ምንም አትበዪ። ያደረግሁትን እኔው እነግራቸዋለሁ» አለችና ፍቅር በሩን ከፍታ ገባች። እናቷ አልተከተለቻትም።