የማይጠፋው አንድ አምፔር

ይህ ከሰው የሰማሁት ወሬ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ።

1964 ዓ.ም.፣ ጥቅምት 26፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወረድ ብላ ያለች አንዲት የመድኃኔ ዓለም ደብር።

ማግስቱ ንግሥ ነው። ጎንደር ሄጄ ኤሌክትሪክ ተምሬ ስመለስ፣ «ዘንድሮ ማኅሌቱ በመብራት ይቆማል» ብዬ በሕዝብ ፊት ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። መብራቱ ካልበራ ያገሬን ሰው በምን ዓይኔ አየዋለሁ?

ከጎንደር ያመጣሁትን ጄኔሬተር አስነሣሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የሰቀልኳቸው ሦስት አምፖሎች ተደምረው 220 ዋት ናቸው። ቮልቱም 220። ዋቱን ለቮልቱ ስታካፍሉት አንድ አምፔር ይመጣል።

የአምፔር መለኪያው ግን ሁለት አለ።

ደግሜ አየሁ። ሁለት።

አምፖሎቹን ሁሉንም ፈታሁ። አሁን ዜሮ መሆን አለበት...

አንድ።

ደሜ ፈላ። ከአምፖሎቼ እኩል የሚበላ፣ ግን የማይታይ ነገር አለ! ቮልቱን ለአምፔሩ ሳካፍል፣ ኤሌክትሪኩን የሚያግደው ሬዚስታንስ 220 ኦም ሆነ።

ካህናቱ «በቅጥሩ ውስጥ ምሰሶ አይተከልም» ስላሉኝ ሽቦውን መሬት ውስጥ ነበር የቀበርነው። ቦዩን የቆፈረውን ጣሰውን ጠራሁት።

«በየት በኩል ነው የቆፈርኸው?»

«አፈሩ ልል በሆነበት። ሌላው ድንጋይ ሆነብኝ።»

«የቱ ጋ ነው ልል የሆነው?»

ዙሪያውን ቃኘ። ከዚያ በሹክሹክታ...

«ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ። አዲስ መቃብር መስሎኝ ፈርቼ ነበር። አለቃን ብጠይቃቸው፣ እዚያ የተቀበረ ሰው የለም አሉኝ።»

«ታዲያ ማን ቆፈረው?»

«እኔስ ምኑን አውቄ...»

ወደ መለኪያው ዞርኩ። ሁለት አምፔር። 110 ኦም። 440 ዋት። አንድም አምፖል ሳይኖር!

ትንሽ ቆየና... አራት። 55 ኦም።

ሬዚስታንሱ በግማሽ በግማሽ ይወርዳል። እንዲህ የሚሆነው መንገዱ ሲያጥር ነው። የሚበላው ነገር እየቀረበ ነው ማለት ነው።

የደብሩ አለቃ ተክለ ሃይማኖት ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተው በጥድፊያ መጡ።

«ልጄ መልአኩ፣ አጥፋው።»

«አለቃ፣ ነገ እኮ ንግሥ ነው! ቃሌስ?»

ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«ውስጥ ባዶ እግሬን ነበር የቆምሁት። ከምንጣፉ ሥር... ወለሉ ይሞቃል።»

ጄኔሬተሩን አጠፋሁት።

የመለኪያው መርፌ ግን አልወረደም።

ከዚያ ያደረግሁት በንዴት እንጂ በድፍረት አልነበረም። ሽቦውን በመቁረጫ ቆረጥኩና ወደ መሬት የገባውን ጫፍ ይዤ፣ ነቅዬ በሌላ መንገድ ልዘረጋው ሳብኩት።

ሳበኝ።

ቀስ ብሎ፣ ጥጃ በገመድ እንደሚጎትት ሰው።

«ልቀቀው!» አሉ አለቃ።

አልለቀቅሁም። ስንት የለፋሁበት ነው! መዳፌን ልጦ ከእጄ ወጣ። ሽቦው ሙልጭ ብሎ መሬት ውስጥ ሲገባ ሦስታችንም ቆመን አየን።

ንግሡ እንደ ወትሮው በጧፍ ተከበረ። አንድ ሰው እንኳ አልወቀሰኝም። እሱ ነው ይበልጥ ያሳረረኝ።

ሕዝቡ ሲበተን ሽቦው የገባበትን ቀዳዳ ልደፍን ሄድኩ። የጣት ስፋት ቢሆን ነው። አፈር አፍሼ ጨመርኩበት።

ከውስጥ...

እፍ ብሎ ፊቴ ላይ መለሰው።