ማንም ያልቀመሰው ምግብ

ጋሽ ምላጭ ይህን ስም ያገኙት ከሙያቸውም ከአንደበታቸውም ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንዲት ጠባብ ክፍል ፀጉር ሲያስተካክሉ፣ ደንበኛው ፎጣ አንገቱ ላይ ታስሮ መነቃነቅ ስለማይችል፣ እሳቸው እንደ ልባቸው ያወሩበት ነበር። ሆዳቸውን እንደሚወዱም አይደብቁም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ፣ «ፂምህ ይጠብቀናል፣ ዓሣው ግን ይቀዘቅዛል» ብለው ሰውን ግማሽ ፊቱን እንደላጩት ጥለውት ይወጡ ነበር።

ባለፈው ዓመት መንጋጋቸው ላይ እጢ ወጣ። ቀዶ ሕክምናውና ጨረሩ ነፍሳቸውን አተረፉ፣ ጥርሳቸው ግን አልተረፈም። አፋቸው ከአንድ ጣት በላይ አይከፈትም። ንግግራቸውም ስለሚኮላተፍ ጠጋ ብሎ ላላዳመጠ ሰው አይገባም። ሐኪሙ፣ «የሚታኘክ ነገር እንዳይሞክሩ። የተፈጨና ገንቢ ምግብ ብቻ» ብሎ አሰናበታቸው።

ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ከልጃቸው፣ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ነው። ልጃቸው በልብስ ስፌት ፋብሪካ የፈረቃ ተቆጣጣሪ ናት። አባቷን ትወዳለች፣ ጊዜ ግን የላትም። ስለዚህ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ድንቹን፣ እንቁላሉን፣ ካሮቱን፣ ምስሩን፣ የዶሮ ሥጋውን፣ ሙዙንና ወተቱን አንድ ላይ ፈጭታ፣ በትልቅ ጆግ ሞልታ ማቀዝቀዣ ውስጥ ታስቀምጣለች። አመድማ ነገር ይወጣዋል። ቁርስም፣ ምሳም፣ ራትም እሱው ነው።

«ሙዝ ከዶሮ ጋር ይሄዳል?» አላት ባሏ አንድ ቀን።

«ሆድ ከገባ በኋላ ያው መደባለቁ አይቀር። ዋናው ጉልበት መስጠቱ ነው።»

ከምግቡ የባሰው በሩ ነበር። ቤተሰቡ ገበታ ሲቀርብ፣ እሳቸው እንዳይጎመጁ ተብሎ የጓዳ ክፍላቸው በር ይዘጋል። አልጋቸው ጫፍ ላይ ኩባያና ማንኪያ ይዘው ተቀምጠው የሳህኑን ኳኳታና የልጆቹን ሳቅ ያዳምጣሉ። ክፋት ቢሆን ይቆጡ ነበር። ደግነት ሆነባቸውና የሚይዙት የሚጨብጡት አጡ።

ቀስ በቀስ ግማሹን መተው፣ ከዚያም ሰው ሳያይ መድፋት ጀመሩ። ሱሪያቸው ወገባቸው ላይ አልቆም አለ።

«አባዬ፣ እንደ መድኃኒት ቁጠረውና ጠጣው» ትላቸዋለች ልጃቸው።

ጋሽ ምላጭ ኩባያውን ያያሉ። መድኃኒት የሚያልቅበት ቀን አለው። ይሄኛው መቼ ነው የሚያልቀው?

አንድ እሑድ ሰው ሁሉ በር ላይ እንግዳ ሲሸኝ ሹልክ ብለው ወጥ ቤት ገቡ። ከተጠበሰው ዓሣ ለስላሳ የመሰላቸውን ቆርሰው አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ጣዕሙን ገና ሳያገኙት ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። ትንፋሽ አጠራቸው፣ ፊታቸው ጠቆረ። አማቻቸው ደርሶ ጎንበስ አድርጎ ጀርባቸውን መትቶ ባያወጣላቸው ኖሮ የዚያን ዕለት አልቆላቸው ነበር። ልጃቸው ወጥ ቤቱን ቆለፈች። በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ቁልፍ ተደረገባቸው።

በሳምንቱ የሕክምና ቀጠሮ ነበራቸው። ነርሷ ሚዛን ላይ አቁማ ከቀድሞው መዝገብ ጋር አስተያየች። ስድስት ኪሎ ቀንሰዋል።

«አልታዘዝ ብሎኝ ነው፣ ሲስተር። አሁንማ ወጥ ቤቱንም ቆልፌበታለሁ» አለች ልጃቸው።

ነርሷ ወንበሯን ወደ ጋሽ ምላጭ ሳበች። «አባባ፣ ምግብዎ ምን ምን ይላል?»

ከታመሙ ወዲህ ይህን የጠየቃቸው አልነበረም። ጥቂት አሰቡና በተኮላተፈ አንደበት፣ «ሁሉንም ይላል። ስለዚህ ምንም አይልም» አሉ።

«አንቺስ ቀምሰሽው ታውቂያለሽ?» አለቻት ነርሷ ልጅቷን።

«እኔማ ጥርስ አለኝ።»

«እሳቸውም ምላስ አላቸው፣ እህቴ። ቤተሰቡ ከሚበላው ወጥ ድርሻቸውን ቀንሺና ለብቻው በራሱ መረቅ ፍጪው። ጓጓላ እንዳይኖረው በወንፊት አጥልይው። ዱባውም ዱባ፣ ምስሩም ምስር ሆኖ ይቅረብላቸው። ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በትንሽ ማንኪያ፣ ቀስ ብለው ይብሉ። ደግሞ ከእናንተ ጋር ይብሉ።»

ልጅቷ ቤት እንደገባች ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ከጆጉ በኩባያ ቀዳች። አንድ ጊዜ ተጎነጨች። መጀመሪያ ሙዙ ጣፈጣት፣ ከኋላው እንቁላሉ መጣ፣ ከዚያ ዶሮው። ልትተፋው ዞር ስትል አባቷ በሩ ላይ ቆመው ያዩዋታል። እንደ ምንም ዋጠችው።

«ስንት ጊዜ ጠጣኸው ይሄን?»

«ሰባ ሦስት ቀን።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ደክሞሽ ነው የምትሠሪው። ምን ብዬ ልንገርሽ?»

ጆጉን ደፋችው። ቁልፉንም ከበሩ ነቅላ መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው።

ወዲያው አልሰመረላትም። የመጀመሪያው ምስር እንደ ሙጫ ተጣበቀ፣ ድንቹ ጓጎለ። በሚቀጥለው እሑድ ግን ጋሽ ምላጭ ከልጅ ልጆቻቸው መሐል ተቀመጡ። ቤተሰቡ ከሚበላው በቲማቲም የተሠራ ዓሣ ድርሻቸው ተፈጭቶ፣ ጎኑ ላይ በቅቤ የለሰለሰ ዱባ ተደርጎ ቀረበላቸው። አንድ ማንኪያ ወስደው አፋቸው ውስጥ አቆዩት። ገበታው ላይ ያለ ሰው ሁሉ መብላቱን አቆመ።

«ነጭ ሽንኩርቱን ማን በላው?» አሉ።

«እንዳያቃጥልህ ብዬ ነው፣ አባዬ።»

«ለነገ ትንሽ ጣል አድርጊበት።»

ሌላው ጨርሶ እሳቸው አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። ማንም አልተነሣም። የልጅ ልጃቸው የዳቦ ቅርፊት ቀርጨጭ ሲያደርግ ግን ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። መንጋጋቸው ያው ከአንድ ጣት አያልፍም። ከእንግዲህም አያልፍም። ያንን የሚፈታላቸው ሰው የለም።

ልጃቸው አሁን ፋብሪካ ውስጥ ስለ ታማሚ አመጋገብ የሚያማክራት ሰው አታጣም። በቅርቡ እናቷ ማኘክ ያቃታቸው አንዲት ሠራተኛ ምን መስጠት እንደሚገባት ጠየቀቻት።

«መጀመሪያ አንቺ ቅመሽው» አለቻት። «አንቺ የማትውጪውን እሳቸውን ዋጡ አትበያቸው። ከዚያ አጠገባቸው ተቀመጪና ምን እንዳማራቸው ጠይቂያቸው። እኔ ይህን ሳላደርግ ሰባ ሦስት ቀን አልፎኛል።»