የራውተሩ ቤት

«ሰዓደትዬ፣ ፀጉርሽን ማን ነው የሠራ...» ብላ ሳትጨርስ የእናቷ የጀሚላ ፊት አፏን በግማሽ እንደከፈተች ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ።

አባቷ ባህረዲን ላፕቶፑን በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገና በኔትወርኩ አማረረ። ሰዓደት ግን ጥፋቱ የኔትወርኩ እንዳልሆነ ጠርጥራለች። ዓይኗ ጥግ ላይ ወደተቀመጠው የቆርቆሮ ሳጥን ሄደ።

ጀሚላ ኩዌት ሰው ቤት ተቀጥራ ከሄደች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። የምታርፈው ዓርብ ብቻ ስለሆነ የሚተያዩትም ያኔ ነው። ባህረዲን ምን አለሽ ተራ ከቁርጥራጭ ቆርቆሮ ምድጃ ይሠራል፤ ቤታቸውም ከመሥሪያው ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ኢንተርኔት ሲገባላቸው ዋይፋዩን «ጀሚላ» ብላ የሰየመችው ሰዓደት ናት። ላፕቶፑ ላይ ከጎረቤት ሱቆች ስም መሀል «ጀሚላ» የሚለውን መርጣ የይለፍ ቃሉን ስታስገባ፣ ባህረዲን «እስቲ ድገሚው» እያለ እንደ ልጅ ሲስቅ ነበር።

ታዲያ በዚህ ሳምንት የብረት ብናኝ እንዳይገባበት ብሎ ዋይፋዩን ለሚያሰራጨው ዕቃ፣ ለራውተሩ፣ ሳጥን ሠራለት። ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን አዲስ ቆርቆሮ አወጣ፤ ለገመዶቹ ብቻ ቀዳዳ ተወና ክዳኑ ላይ በመሮ አበባ ወቀረበት። ሲዘጋው «እናትሽን የሚያመጣልን ዕቃ እኮ ነው» አላት።

ራውተሩ ከላፕቶፑ ጋር የሚነጋገረው በሬዲዮ ሞገድ ነው። ሞገዱ በጨርቅም በእንጨትም ያልፋል፤ ቆርቆሮ ግን ይመልሰዋል። ሰዓደት ይህን ከአይሲቲ መምህሯ ሰምታ ስለነበር ጥሪው በተቋረጠ ማግስት አባቷ ሲወጣ ሞከረችው። ክዳኑ ሲዘጋ «ጀሚላ» የሚለው ስም አጠገብ አንድ የሲግናል መስመር ብቻ ቀረ፤ ሲከፈት ሁሉም ሞላ። አባቷ አንጀቷን በላት። እናቷ ከሄደች ወዲህ እያፏጨ የሠራው ነገር ቢኖር ይህ ሳጥን ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ ባህረዲን ከጁምዓ ሳይመለስ ራውተሩን አውጥታ ከመጋረጃው ጀርባ ደበቀችው። ባዶውን ሳጥን ዘግታ ቦታው መለሰችው።

ጀሚላ ጥርት ብላ መጣች። ጉንጯ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ ሳትቀር ትታያለች። ሰዓደትን ስለ ፈተናዋ ጠየቀቻት፤ ባህረዲንን ከስተሃል ብላ ተቆጣችው። እሱ ግን ሳጥኑን አንስቶ አሳያት።

«ይሄን ከሠራሁለት ወዲህ እኮ ነው እንዲህ የጠራው። ባለፈው ዓርብ ያስቸገረን ቀድሞ የገባበት ብናኝ ነበር። ለጎረቤታችን ለእትዬ ሐጀራም እሠራላታለሁ፤ ልጇ ከዱባይ ሲደውል እየተቆራረጠ መከራዋን ታያለች።»

ጀሚላ እጁን መረቀችለት። ሰዓደት ዝም ብላ በየዓርቡ ራውተሩን ብታወጣና ብትመልስ የሚያውቅባት የለም። የእትዬ ሐጀራን ግን ማን ያወጣላቸዋል?

ተሰነባብተው ሲጨርሱ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፈተችው።

«አባዬ፣ እይ።»

ባህረዲን ባዶውን ሳጥን አየ። ከዚያ ከመጋረጃው ጀርባ ብልጭ ድርግም የሚለውን አረንጓዴ መብራት አየ።

«ቆርቆሮው ሞገዱን ይመልሰዋል» አለች ቀስ ብላ። «ባለፈውም ያቋረጠው እሱ ነበር።»

ባህረዲን በአውራ ጣቱ የአበባውን ጠርዝ ዳበሰ። ሰዓደት ምነው ባልነገርኩት አለች በሆዷ።

«ለምን ያኔውኑ አልነገርሽኝም?»

«ስለሚያምር።»

ሳጥኑን ተቀበላትና ዘግቶ ጥጉ ላይ መለሰው። መጋረጃውን ገልጦ ራውተሩን አነሳ፤ እንደተኛ ሕፃን ይዞት መጥቶ ከሳጥኑ በላይ፣ አበባው ላይ አስቀመጠው።

«እዚህስ?» አላት።

ሰዓደት ወደ ላፕቶፑ ዞረች። ከጎረቤቶቹ ስም ሁሉ በላይ «ጀሚላ» መስመሯ ሞልቶ ነበር።