ሙጫው ሲለሰልስ

«ቆጣሪውን ያጠፋኸው አንተ ነህ፣ አይደል አባ?» አለች የቀጮ እህት፣ አልበራ ያለውን ኮምፒውተሯን እያየች።

አባትየው መሰላሉን እንደያዘ ቆመ። «አምፖል ልቀይር ብዬ እኮ ነው። ኮምፒውተሩ ክፍት መሆኑን መች አወቅኩ፣ ልጄ።»

«ሰኞ ስዕሎቼን ካላስገባሁ ዲዛይን ትምህርት ቤቱ አመለጠኝ። መጠየቅ ምን ነበረበት?»

ቀጮና ጓደኛው ብሎን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ ብሎን መሬት መሬቱን ያያል። ብሎን ያሉት የሰፈር ልጆች ናቸው፤ የተዘጋ ነገር ካየ ካልፈታ እንቅልፍ አይወስደውም። ዛሬ ግን ምነው እጄን በሰበረው እያለ ነው።

ኮምፒውተሩ ከባድ ስዕል ሲከፈትበት ድርግም ይል ነበር። ባለፈው ሳምንት ብሎን ፈታውና ማዘርቦርዱን ዳሰሰ። ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚያቀብሉት ትንንሽ ጥቁር ነገሮች ጣት አያስጠጉም። በሽታውን በትክክል አገኘው፣ መድኃኒቱን ግን አበላሸ። ሙቀት የሚስብ አሉሚኒየም ከአሮጌ ማሽን ነቅሎ ሊለጥፍባቸው ሲል ቀጮ፣ «የራሱ ማጣበቂያ አለው ይባላል፣ እሱን እንፈልግ» ብሎት ነበር።

«አቦ አታካብድ፣ ሙጫ ሙጫ ነው» አለና በጫማ ሙጫ ለጠፈው።

ማዘርቦርዱ ደግሞ የኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ እንደ ግድግዳ ቆሞ ነው የሚሠራው። ሙጫው ሲግል ለሰለሰ፣ አሉሚኒየሙ ተንሸራቶ ከስር ያለው ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣው ካርድ ላይ ወደቀ፣ ኤሌክትሪክ አገናኝቶ አቃጠለው። ሁለቱ ልጆች ዛሬ ሲከፍቱት እዚያው አገኙት። ቀጮ አንስቶ ኪሱ ከተተና፣ እህቱ ስትመጣ «መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው» አላት። ለጓደኛው ብሎ ነው። አባቱ ጠዋት ቆጣሪ እንዳጠፋ፣ ነገሩም በሱ ላይ እንደሚዞር ማን አስታወሰ?

አባትየው መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሳጥኑን ታቀፈ። «ነይ፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ ሳይዘጋ እንድረስ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ኃይል የሚሰጠውን ፓወሩን ብቻ ይቀይርልን፣ ሌላውን እንዳይነካ» አለች እህትየው ጫማዋን እያሰረች። አባቷን ቀና ብላም አላየችው።

ብሎን ተነሳ። ቀጮ በዓይኑ ተው አለው።

«እኔም ልምጣ» አለ ብሎን።

«አንተ ደግሞ ምን ልትሆን?» አለች እህትየው።

«ፓወሩ ምንም አልሆነም። የተቃጠለው ሌላ ነው።» እጆቹን ወደ አባትየው ዘረጋ። «ጋሼ፣ ሳጥኑን ለኔ ይስጡኝ። በመንገድ እነግራችኋለሁ።»